ከንግድ ፈቃዱ ጎን የተሰቀለው ዲስክ

ሆመቾ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለልጃችን ለቲቶ
ደቡብ አፍሪካ

ጉዳዩ፦ ስለ ኮምፒውተሩ ሕመምና ስለ ዲስኮቹ አገልግሎት ማብራሪያ ስለመጠየቅ

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ወጥተህ የምትገባበትን በር እሱ ይጠብቅልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያንኑ ፎቶህን ለሦስተኛ ጊዜ አሳየችኝ፣ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ‹ወፍሯል› አልኳት።

በ‹ጉዳዩ› እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የወረዳ ታይፒስት የነበረች ሰው ቀንና ጉዳይ የሌለው ወረቀት ደብዳቤ አይመስላትም። ‹እትዬ፣ ቴሌግራሙ ላይ ዝም ብለው ይጻፉ እንጂ፣ ጽፈው አትመው ፎቶ አንስተው መላክ ምን ያደርጋል› ብለኸኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ነው የለመድኩት።

ወደ ነገሬ ልግባ። የላክህልን ኮምፒውተር ታሟል። ስከፍተው ሰማያዊ ሆኖ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና ራሱን ያጠፋል። ትናንት በአምስተኛው ሙከራ ተነሳ። ይህንንም የምጽፈው እየለመንኩት ነው።

አብረውት የመጡት ዲስኮች አምስት ናቸው። ‹ኦርጅናል ናቸው፣ እንዳይጠፉ› ብለሃል፤ ለምን እንደሚያገለግሉ ግን አልነገርከኝም። ዊንዶውስ የሚለውን፣ ያንን የሚያብረቀርቀውን፣ ፍሬም አሠርቼለት ከንግድ ፈቃዴ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ሕጋዊ ነገር ሁሉ የሚሰቀል መስሎኝ ነው። የገቢዎች ሰው መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ አድንቆ ይሁን ግራ ገብቶት አላወቅኩም። አንዱን ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቅዬ ማሽላዋ ላይ አንጠለጠለችው፤ ወፍ ያባርራል አሉ፣ እውነትም ያባርራል። አንዱን ስብከት ይሆናል ብለን ቤተ ክርስቲያን ወስደን በዲቪዲ ማጫወቻ ሞከርነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቁ፣ ምንም አልተናገረም። የቀሩት ሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

የምፈራው ለጽሕፈት ሱቄ አይደለም። ማመልከቻ በእጄም እጽፋለሁ። የባለቤቴ የጋሽ ታዴዎስ መዝሙሮች እዚያ ውስጥ ናቸው። ስልሳ ሁለት መዝሙር፣ በመጨረሻው ሕመሙ እሱ እየተናገረ እኔ እየመታሁ የጻፍናቸው። ‹ከታተመ አለቀ ማለት ነው፤ ገና አላለቀም› እያለ ወረቀት ላይ እንዳላወጣ ከለከለኝ። ከሞተም በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ፍላሽ ላይም የሉም። የወረዳው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ስለሆነ በዚህ ኮምፒውተር ፍላሽ ሰክቼ አላውቅም፤ በፍላሽ የመጣን ባለጉዳይ ወደ ሌላ ሱቅ ነው የምሸኘው። አሁን ቤተ ክርስቲያናችን መዝሙሮቹን በሰኔው ጉባኤ በመጽሐፍ ልታወጣ ወሰነች። እኔም ላትም ፋይሉን ስነካው ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል።

ለጋሽ ታዴዎስ የአጎቱ ልጅ ልጅ ነህ፤ ቢቆጠር ሩቅ ነው። ግን ሦስት ዓመት እኛ ቤት ሆነህ ተምረሃል፣ ዛሬም ትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ትሠራለህ። ከአንተ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?

ዘመንህ ይለምልም።
ገነቴ (ፊርማ)


ሩስተንበርግ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024

ለማከብርዎ እትዬ ገነቴ፣

ከእናት ለማያንሱት ለእርስዎ ሰላምታዬ ከዚህ ከሩቅ አገር ይድረስዎ። ጌታ ጉልበትዎን ያጽና። እኔ ሥራ በጣም በዝቶብኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ።

ስለ ኮምፒውተሩ አያስቡ። ሰማያዊ የሚሆነው ሲደክመው ነው። እዚህ ድርጅታችን ውስጥ በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። ለጊዜው አጥፍተው ያሳርፉት፤ አቧራም እንዳይገባበት በጨርቅ ይሸፍኑት።

ዲስኩ ግን ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ነጮቹ ኦርጅናል ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር በነፃ ቢሰጣቸው አይወስዱም። ከግድግዳው ያውርዱትና የአምስቱንም ፎቶ፣ ፊትና ጀርባቸውን፣ ይላኩልኝ። አይቼ የትኛው እንደሚገባ እነግርዎታለሁ። የማሽላውንም ያስወርዱት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እናቴ የቢሮዬን ፎቶ ላክ እያለች ነው። ድርጅቱ ፎቶ ማንሳት ይከለክላል ብለው ያስረዱልኝ። እርስዎ ቢሮ ስለሠሩ ትሰማዎታለች።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።
ልጅዎ ቲቶ


ሆመቾ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለልጃችን ለቲቶ

ጉዳዩ፦ የዲስኮችን ፎቶ ስለመላክና የሁለት ባለሙያዎችን የተለያየ ሐሳብ ስለማሳወቅ

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ቸሩ አምላክ ከዓይኑ አያጥፋህ። ደብዳቤህ ላይ ያለው ዓመት እኔ ገና ያልደረስኩበት ስለሆነ ፋይል ሳደርገው ተቸግሬ ነበር። በኋላ በእጄ የእኛን ቀን ጻፍኩበት።

የአራቱን ፎቶ ልኬያለሁ። ጀርባቸው ሁሉም መስታወት ስለሆነ የራሴን ፊት ነው ያነሳሁት፤ ይቅርታ። አምስተኛውን ብርቅዬ አልመልስም ብላለች። ‹ማሽላው ሲታጨድ› አለች። እናትህንም አስረድቻታለሁ፤ ‹ፎቶ የሚከለክል ድርጅት ወታደር ቤት ነው ወይ› ብላ ጭንቀት ጀምራለች። ምን ልበላት?

አሁን ደግሞ የባሰ ግራ ገብቶኛል። ኮምፒውተሩን በኩርቱ ፌስታል ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ አቅፌው፣ ሆሳዕና ከተማ ነስሩ ጋ ወሰድኩት። ነስሩን አታውቀውም፤ አባቱ ከጉራጌ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ይዞ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። ጸሎቱን የማያቋርጥ፣ ሚዛኑ ያልተዛባ ሰው ነው። መጀመሪያ ያየው ኮምፒውተሩን ሳይሆን ዲስኩን ነው። ‹እማማ፣ ይህን ቢያውሱኝ በመስታወት ሣጥኔ አስቀምጠው ነበር፤ ባለኦርጅናል ቤት ይሉኛል› አለ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከፍቶ አየው፣ ፊቱም ተለወጠ።

እንዲህ አለኝ። ‹ዲስኩን እንዳያስገቡ። ውስጡ ሃርድ ዲስክ የሚባል አለ፣ መዝሙሩ ያለው እሱ ላይ ነው። እሱን ነቅዬ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር ላያይዘውና አስቀድሜ መዝሙሮቹን ላውጣ። የቀረው ይደርሳል።› እዚያው ልሥራ አለ፣ አሳይዎታለሁም አለ።

እኔ ግን መንቀሉ አስፈራኝ። ጋሽ ታዴዎስን ለቀዶ ሕክምና ሲያስገቡት እንዲሁ ‹አሳይዎታለሁ› ነበር ያሉኝ። ደግሞም አንተ ዲስኩን ፈልገሃል፣ እሱ ዲስኩን ለጌጥ ፈልጓል፤ ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ሰው እንዲህ ሲራራቅ አይቼ አላውቅም። ጠቅልዬ መለስኩት። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

የጥያቄዬ ፍሬ ይህ ነው፦ የማንን ልስማ? ጉባኤው አራት ወር እንኳን የቀረው አይመስለኝም። ቶሎ መልስልኝ።

ተባረክ።
ገነቴ (ፊርማ)


ሩስተንበርግ፣ ማርች 28 ቀን 2024

ለማከብርዎ እትዬ ገነቴ፣

የዘገየሁት በጥፋት ሳይሆን በሥራ ነው። ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጌታ በነገር ሁሉ ይቅደምልዎ።

እኔ እያለሁ ነስሩ የሚባል ሰው ጋ መሄድዎ ትንሽ ከፍቶኛል። አይስሙት። መንቀል የሚወደው መንደር ውስጥ የተማረ ነው። ኦርጅናል ዲስክ ምንም አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ኮፒው ነው፣ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። የዊንዶውሱን ዲስክ አስገብተው ያስነሱት። ሲጠይቅዎ እሺ ይበሉት። ደግሞ ሲጠይቅ ደግሞ እሺ። ‹ኔክስት› የሚለውን እየተጫኑ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። እንደ አዲስ ይሆናል።

እናቴን ወታደር ቤት አይደለም፣ ባንክ ቢጤ ነው ይበሏት።

በጸሎትዎ አይርሱኝ።
ልጅዎ ቲቶ


ሆመቾ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለልጃችን ለቲቶ

ጉዳዩ፦ መዝሙሮቹ የገቡበትን ዲስክ በሰው እጅ ስለመላክ

ሰላም ለአንተ ይሁን። በእጅ ጽሑፌ አትገረም። ኮምፒውተሩ ተነስቷል፤ አማርኛ ግን ረስቷል።

እንዳልከኝ አደረግኩ። ሱቄን ዘግቼ፣ ጸልዬ፣ ፍሬሙን ፈትቼ ዲስኩን አስገባሁት። ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ። አንዱ ጥያቄ ላይ ቢጫ ምልክት ነበረው፣ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። እጄ ቆመ። ከዚያ ደብዳቤህን ገለጥ አድርጌ አየሁት፦ ‹ደግሞ ሲጠይቅ ደግሞ እሺ።› እሺ አልኩ። ከአርባ ደቂቃ በላይ ዲስኩ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ቆየ። በመጨረሻ የሚያምር ሰማያዊ ሰማይ መጣ። ፈጠነ፣ አልጠፋም። ደስ ብሎኝ እልል አልኩ፣ ብርቅዬም ከግቢዋ ተቀበለችኝ።

ከዚያ መዝሙሮቹን ልከፍት ሄድኩ። ፎልደሩ የለም። የማመልከቻዎቹም የለም። ያ ቦታ ተጠርጎ ሰው እንዳልኖረበት ቤት ሆኗል።

ደንግጬ ነበር፤ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ዲስኩ ሲወጣ ሞቆ ነበር። ሲገባ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሲወጣ ግን ሞቆ። ያን ሁሉ ጊዜ የጮኸው ሲወስድ ነው ማለት ነው። ኦርጅናል አያጠፋም ብለሃል፤ ስለዚህ ካላጠፋ ይዟቸዋል። እንዲህ ነው አይደል? ነስሩን በስልክ ብጠይቀው ‹ኮምፒውተሩን አያብሩት፣ ያምጡት› ብቻ አለኝ፤ እኔ ግን የአንተን መልስ ልጠብቅ ብዬ አልወሰድኩትም።

ዲስኩን በእጄ መንካት ፈራሁ። በንጹሕ ሻሽ ጠቅልዬዋለሁ። የሺንሺቾዋ ማኅሌት እዚያ እናንተ ጋ ላለው እጮኛዋ በቅርቡ ትሸኛለች፤ የሠርግ ልብሷ መሃል አስገብታዋለች። ሽማግሌዎቹ ሲመርቋት ‹ከልብሱ ጋር አደራም አለብሽ› ብለዋታል። ስትደርስ ተቀበላትና በድርጅታችሁ መሣሪያ አውጣልኝ። ፋይሎቹ በቁጥር ነው የተሰየሙት፣ ከአንድ እስከ ስልሳ ሁለት። ሃያው በሀዲይኛ ነው፤ የቀሩት በአማርኛ።

ቲቶ ልጄ፣ እኔ አላለቅስም። ዲስኩ ውስጥ መኖራቸውን ብቻ ጻፍልኝ።

ገነቴ (ፊርማ)


ሩስተንበርግ፣ ጁን 2 ቀን 2024

እትዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍሬያለሁ። እንዲሁ ይቀበሉኝ።

ማኅሌት ደርሳለች። ዲስኩን ከሻሹ ጋር በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ሦስት ሳምንት አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

እትዬ፣ እኔ ድርጅት የለኝም። ቢሮም የለኝም፣ ፎቶ የሚከለክልም የለም። ከመጣሁ ጀምሮ አልጋ ልብስና ብርድ ልብስ በትከሻዬ ተሸክሜ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ቤት ለቤት እዞራለሁ። ኮምፒውተሩን የገዛሁት አንድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ ነው። ዲስኮቹን የጨመረልኝ ዘበኛው ነው፤ ‹ኦርጅናል ናቸው› ያለው እሱ ነው፣ እኔ የደገምኩት ነው። ኮምፒውተር ከፍቼ አላውቅም። መጀመሪያ ለእናቴ ቢሮ ገባሁ አልኳት፣ ደስ ሲላት መመለሻ አጣሁ። እርስዎ ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። ነስሩን ሲያመሰግኑት ደግሞ ቀናሁ። ኦርጅናል አያጠፋም ያልኩት ከራሴ ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

ባለፈው ሰኞ ዲስኩን ይዤ ኮምፒውተር የሚጠግን ረሻድ የሚባል ሰው ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እንደሚስቅብኝ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም። ዲስኩን በብርሃን አገላብጦ አሳየኝ። ይህ ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም አለኝ። ፋብሪካ ያስገባበት ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ ነገር ሊይዝ አይችልም። የሞቀው ስለዞረ ነው። መዝሙሮቹ እዚህ የሉም፣ እትዬ። ያጠፋናቸው እኛ ነን። እኛ ማለቴ እኔ።

ነስሩ ጋ ይውሰዱት፣ ረሻድም ቶሎ ይውሰዱ ብሏል። እኔ ግን ይህን ለመጻፍ ሌላ ስድስት ቀን ወሰደብኝ።

ሌላ የምሰጥዎ የለኝም። ጋሽ ታዴዎስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኛ ለልጆቹ መዝሙር ያስጠኑን ነበር። ዕቃ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ የምዘምረው አንድ አለ። የማስታውሰውን ጻፍኩ፤

ሩቅ ነው ያልኩት መንገድ አንተ ቀድመህ ሄደህበት፣
ጠፋሁ ያልኩበት ሜዳ ስሜን ደጋግመህ ጠርተህበት፤
እጄ ባዶ ቢሆን እጅህ ሙሉ ነው፣
የረሳሁት ሁሉ አንተ ጋ ያለ ነው።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ለእናቴ እኔው እነግራታለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።

ቲቶ


ሆመቾ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለልጃችን ለቲቶ

ጉዳዩ፦ ለደብዳቤህ ስለተሰጠ መልስ

የጌታ ጸጋ ይብዛልህ። ይህን ሰላምታ ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ሳትፈራ ተቀበለው።

ደብዳቤህን አንብቤ በመጀመሪያው ቀን እንዳልረግምህ አፌን በነጠላዬ ይዤ ዋልኩ። ጋሽ ታዴዎስን ሁለት ጊዜ የቀበርኩ መሰለኝ። በነጋታው ነስሩ ጋ ሄድኩ። አንድ ሳምንት ሠራበት፣ ሌላ ሥራ አልነካም። ያገኘው ቁጥራቸውን ነው። ከአንድ እስከ ስልሳ ሁለት ተሰልፈው ይታያሉ፤ ሲከፈቱ ባዶ። ነስሩ ‹እማማ፣ ያኔ አስገድጄ መንቀል ነበረብኝ› ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም አጽናናሁት። ማን ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶን ተቀመጥን።

ጉባኤው አለፈ። መጽሐፉ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ‹የጌታ ፈቃድ ነው› አሉ፤ እኔ ‹አይደለም፣ የእኔና የቲቶ ስህተት ነው› አልኳቸው። በቃሌ የያዝኩት ከአሥራ ዘጠኙ ነው፤ አንዱም ግን ሙሉ አይደለም። የመዘምራኑ የቀድሞ ሰዎች እየመጡ ሁለት ስንኝ፣ ሦስት ስንኝ ይነግሩኛል። አንዱ የተናገረውን ሌላው አይደለም ይላል። እጽፈዋለሁ፣ በዚያው ቀን አትማለሁ። ነስሩ አማርኛውን መልሶ ጭኖልኛል።

ብርድ ልብስ መሸጥህ አላሳፈረኝም። አባቶቻችን ጨው ተሸክመው ዞረዋል። የቢሮውን ውሸት ይቅር ብዬሃለሁ፤ እናትህም ከእኔ በፊት ይቅር ብላሃለች፣ ‹ይህ ሁሉ ዘመን ትከሻው እንዴት ሆኖ› እያለች ነው የምታለቅሰው። ‹ነስሩን አይስሙት› ያልከውን ግን ገና ይቅር አላልኩህም። እየሞከርኩ ነው። ስጨርስ እጽፍልሃለሁ።

አሁን ስለ ላክኸው መዝሙር። አላውቀውም፣ ቲቶ። ስልሳ ሁለቱን በእነዚህ ጣቶች ነው የመታኋቸው፤ ቃሉ ቢጠፋብኝ እንኳን ስሰማው አውቀዋለሁ። ይህ ከውስጣቸው የለም። መዘምራኑንም ጠየቅኩ፣ ማንም አልሰማውም። ደግሞ ጋሽ ታዴዎስ ሁለት ስንኝ በአንድ ቃል ሲዘጋ ይቆጣ ነበር፤ አንተ ደግሞ ‹ነው› ብለህ ‹ነው› ብለሃል። ምናልባት ለእናንተ ለልጆቹ ብሎ አቅልሎት ይሆናል፣ ለእኔ ሳይነግረኝ። ምናልባትም አንተ ዳገቱን ስትወጣ ከእሱ የሰማኸውንና የራስህን ቀላቅለህ፣ የቱ የማን እንደሆነ ጠፍቶህ ይሆናል። አንድ ሌሊትም አንድ ቀንም አሰብኩበት፣ ሊለይልኝ አልቻለም።

የማን እንደሆነ እንዳትጽፍልኝ። ብታውቅም አትጽፍልኝ።

ትናንት ሱቄን ከፍቼ መታሁት። ስልሳ ሦስት ብዬ ልሰይመው ነበር፤ ከፊቱ ግን አንድም የሞላ የለም። አንድ ብዬ ጻፍኩትና ሳይቀዘቅዝ ከማተሚያው ላይ አነሳሁት።

ገነቴ (ፊርማ)